ሰርጉ የዘመድ ነው፣ ፎቶውም

«ፎቶ አንሺው የት ገባ? ጥሩት እንጂ! ምርቃቱ ሳይነሣ ሊያልፍ ነው!»

የሙሽሪት አጎት ድምፅ ከከበሮውም ከእልልታውም በላይ ወጣ። ቦታው መሐል ሜዳ ነው፤ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ። ፋሲካ አልፎ፣ ሚያዝያም ተጋምሶ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነን። ሌሊቱን የጣለው የበልግ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። ዳሱ ውስጥ ግን ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ሰው እየሞላ ነው። የሙሽሪት አባትና እናት ባና በተነጠፈበት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አያቷ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ከአባቷ ቀጥሎ አሉ።

ሙሽሪት ከቤት ወጣች። ቬሎዋን ጭቃ እንዳይነካው ታናሽ እህቷ ከኋላ ሰብስባ ይዛላታለች። ሙሽራው አብሯት ተንበረከከ። መጀመሪያ የአያትየውን፣ ቀጥሎ የአባትን፣ ከዚያም የእናትን ጉልበት ሳሙ። እናትየው እጃቸውን በልጃቸው ጀርባ ላይ አሳረፉ፤ ሲያቦኩ ያደሩ ጣቶች በነጩ ዳንቴል ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። አያትየው ረጋ ባለ ድምፅ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ጀመሩ፤ ዳሱ በሙሉ «አሜን» እያለ ተቀበላቸው።

ለሙሽሪት በእናቷ በኩል ዘመዷ ነኝ። ካሜራ እንዳለኝ ቤተሰቡ ስለሚያውቅ «አንተ እያለህ ባዕድ ምን ያደርግልናል?» ተብዬ ነው የተጠራሁት። ዘመድ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ሁለት ሥራ ነው። አንዱ አክስት ቆማ ሲያይ ወንበር አምጣ ይልሃል፤ ሌላው ጠላ ቅዳ ይልሃል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔን ከልጆቼ ጋር አንሳኝ» ብሎ እጅህን ይዞ ይጎትትሃል። ነገር ግን ዘመድ የሚያየውን ባዕድ አያይም። እናትየው የትኛዋን ልጃቸውን እያሰቡ እንደሚያለቅሱ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደከረመ፣ የትኛው ወንበር ለምን ባዶ እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ካሜራውን ወዴት እንደሚያዞር ያውቃል።

ይህን ዘገባ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ሰርግ የሁለት ወገን ዘመድ መገናኛ ነው፤ ሙሽሮቹ የመገናኘቱ ምክንያት ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚነሡት የሰርግ ፎቶዎች ግን ዘመዱን ትተው ሙሽሮቹን ብቻ ይከተላሉ። አልበሙ ሲገለጥ ሙሽራው ሙሽሪትን አቅፎ፣ ሙሽሪት አበባ ይዛ፣ ሁለቱ ፀሐይ ስትጠልቅ እያዩ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ያልቃል። የመረቋቸው አያት የሉም። ጠላውን የጠመቁት ሴቶች የሉም። ይህ ጉዳት ነው፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ አልበሙ ሲገለጥ ነው።

የሰርጉ ጊዜ በዘፈቀደ አይመረጥም። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሁለት የሰርግ ወራት አሉት። አንደኛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው፤ አውድማው ተወቅቶ እህሉ ጎተራ የገባበት። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ዘመነ ጸደይ ለመንዝ የበልግ ወቅት ነው፤ ገብሱ ማሳው ላይ አረንጓዴ የሚሆንበት፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ሜዳውን የሚያለብስበት። በመኸር ውርጭ ለሚያሰጋው ደጋ የበልግ ገብስ ትልቅ ተስፋ ነው። በልጉ ካማረ ድግሱ ይሰፋል፤ በልጉ ከከዳ ሰርጉ ለከርሞ ይተላለፋል ወይም በጥቂት ሰው ያልቃል።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ለደጋሽ ይመቻል፤ በየትኛውም ቀን በግ ይታረዳል፣ መልሱም ቅልቅሉም ጾም ሳይጠብቅ ይከተላል። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ የሰኔ ጾም ይገባና በሩ ይዘጋል። ፋሲካ ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይለውጣል። በ2016 ዓ.ም. የዋለው ሚያዝያ 27 ስለነበር የሰርጉ ጊዜ እስከ ሰኔ 16 ዘልቆ ከክረምቱ ደጃፍ ደርሷል። በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ። በ2018 ሚያዝያ 4 ነው፤ ጰራቅሊጦስም ግንቦት 23 ላይ ይውላል። ፎቶ አንሺ ይህን መቁጠር አለበት። ፋሲካ ቀደም ባለበት ዓመት ሰርጉ ከኃይለኛው የሚያዝያ ፀሐይ ጋር ይገጥማል፤ ዘግየት ባለበት ዓመት ደግሞ ከዝናብና ከጭቃ ጋር።

ስለ ፀሐዩ ላስረዳ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ብርሃኑም የሚያለሰልሰው ነገር ስለማያገኝ ስለታም ሆኖ ይወርዳል። በዚያ ላይ መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚገኝ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት በእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የተነሣ ሰው ግንባሩና አፍንጫው ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ዓይኖቹ ግን በቅንድቡ ጥላ ተውጠው ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ። መኪናው የሚደርሰው፣ ሙሽራው የሚገባው፣ ሆታው የሚደምቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰዎቹን ከዳሱ ደፍ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ማስገባት። ጀርባቸው ጥላ፣ ፊታቸው ወደ ብርሃን ይሆናል፤ ዓይናቸውም ይታያል።

ዳሱ ራሱም ሌላ ጣጣ አለው። ድሮ በቅጠልና በሣር ይከደን ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚለብሰው የዕድር ሸራ ወይም ከገበያ የተገዛ ሰማያዊ ላስቲክ ነው። ብርሃኑ በሰማያዊ ውስጥ አልፎ ሲመጣ የተጋባዡ ፊት፣ ጠላው፣ ነጠላው፣ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል ቢባልም የጠይም ሰው ፊት አንዴ ሰማያዊ ከዋጠው ወዘናው አይመለስም። ስለዚህ ዳሱ ከመቆሙ በፊት የሙሽሪትን ወንድሞች አንድ ነገር ለመንኩ፤ የወላጆች አግዳሚ በሚቀመጥበት ጥግ በኩል ነጭ ሸራ እንዲሆን። ምክንያቱን ስነግራቸው «ለእማዬ ፊት ከሆነማ» ብለው ከጎረቤት ተውሰው አመጡ። ከቤተሰብ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ከውድ ሌንስ የበለጠ የሚያግዝበት ጊዜ አለ።

የነጭ ልብስና የጠይም ፊት ጉዳይ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካኝ አድርጎ ነው። ነጭ ቬሎ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጋቢ በበዛበት ቦታ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ያጨልማል፤ የሚጨልመውም የሰው ፊት ነው። ነገሩ ታሪክ አለው። በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ዘመን የቀለም ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች። ፊልሙም እጥበቱም ለእሷ ቆዳ ተመጥኖ ስለተሠራ የጥቁር ሰው ፊት በዓለም ዙሪያ ለዐሥርተ ዓመታት ዝርዝሩ ጠፍቶ ሲታጠብ ኖሯል። የእናቶቻችን የሰርግ ፎቶ ውስጥ ልብሱ ጥርት ብሎ ፊቱ የጠቆረው በፎቶ አንሺው ድክመት ብቻ አልነበረም። ዛሬ ካሜራው በእጃችን ነው፤ መለኪያውን በሙሽሪት ፊት ላይ አድርጎ ቬሎው ትንሽ ቢነጣ መፍቀድ ይቻላል። ዳንቴል ቢጠፋ ቢጠፋ ዳንቴል ነው።

ከምርቃቱ ቀደም ብሎ የነበረውን ጥሎሽ ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ፤ ለካሜራ ከሱ የበለጠ ትዕይንት በሰርግ ውስጥ የለም። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ገብተው ቆሙ። ሻንጣው መሐል ላይ ተቀመጠ። አንደኛው ሽማግሌ ከፍቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ያነሣል፤ ቀሚስ፣ ጫማ፣ ጃንጥላ፣ ሽቶ፣ ለእናት ጋቢ፣ ለአባት ካፖርት። የሴቷ ወገን ተቀባይ የተባሉት ሰው መነጽራቸውን አድርገው ቀሚሱን ተቀበሉ፤ ጥልፉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹት፣ ገለበጡት፣ ከውስጥ ያለውን ስፌት ወደ ብርሃን አስጠጉት። ዳሱ ጸጥ አለ። «እናንተ ሰዎች፣ ልጃችንን የምትወስዱት በዚህ ነው?» አሉ። የወንዱ ወገን ተቆጣ፤ ሴቶቹ ሳቁ፤ አንድ አዛውንት መሐል ገብተው «አይበቃም ወይ!» ብለው ገላገሉ። ወርቁ ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

አብዛኛው ፎቶ አንሺ እዚህ ላይ ወርቁን ያነሣል። እኔ ደግሞ የምመክረው የተመልካቹን ፊት ነው። የሙሽራው እናት ጥሎሹ እንዲያ ሲገመገም ከንፈራቸውን ነክሰው ቆመው ነበር፤ ያን ሻንጣ ለመሙላት ስንት በግ እንደተሸጠ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በጉ ለመንዝ ሀብቱ ነው፤ ሥጋውም ጸጉሩም። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ የሚፈተለውና የሚሸመነው ከሱ ነው። ስለዚህ እናቶቹ ለሙሽሪት ያዘጋጁት ባና ከሻንጣው ይልቅ ፎቶ ይገባዋል፤ የማን እጅ እንደፈተለው የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ።

ሰማንያው የታሰረውም በዚያው ቀን ነው። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው ሙሽራው ይዞት የሚመጣውን፣ ሙሽሪት ይዛው የምትሄደውን በወረቀት አስጻፉ። ምስክሮች ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ያ የተሰነጣጠቀ የአራሽ አውራ ጣት በወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ያነሣሁት ፎቶ ከሰርጉ ሁሉ የምወደው ነው። ጋብቻው በቁርባን ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቆ መግባት፣ ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ አለመሄድ፣ በጸሎተ ተክሊል ጊዜ ፍላሽ ማጥፋት፣ ከሁሉ በፊት አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ካህኑ ዘውዱን ሲደፉላቸው የሚሰማው ዜማ በካሜራ ብልጭታ መቆረጥ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቤተ ዘመዱ ፎቶ። በመንዝ ሽማግሌ ሲላክ ከሚጠየቁት ነገሮች ዋናው የዘር ቆጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡምና፣ በሁለቱም ወገን ያሉ አዋቂዎች በአባትም በእናትም መስመር ስም እየጠሩ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ ድሮ ለመሬትም ያገለግል ነበር። አንድ ሰው ርስት የሚጠይቀው ወደ መጀመሪያው አቅኚ የሚያደርሰውን የትውልድ ሐረግ በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል አስረድቶ ነበር። መንዝ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ ለዚህ አገር ኑሮ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሽሮታል። የሰባት ቤት ቆጠራ ግን ለጋብቻ ዛሬም አለ። ቆጠራውን በቃል የያዙት አዛውንቶች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ግቢ የሚሰበሰቡትም ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ለለቅሶ ካሜራ አይወጣም። ስለዚህ ከሰርግ ሌላ ዕድል የለም።

ይህን ፎቶ ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። በዕድሜ የገፉት ይቀመጣሉ፤ አባትና እናት ከሙሽሮቹ ግራና ቀኝ፤ ወንድምና እህት ከኋላ፤ ሕፃናት ከፊት ሣሩ ላይ። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቆም ፎቶ አንሺ መወሰን የለበትም። ዘመዱን ሁሉ የምታውቅ አንዲት አክስት አትጠፋም፤ እሷን ከጎን አቁሞ እሷ ትጥራ። በዚያ ሰርግ የጠራችው ሁላችን እትዬ የምንላት አክስት ነበረች፤ «የአባቷ ወገን ይምጣ! የእናቷ እናት ወገን ወዲህ! አንተ ልጅ የማን ነህ? ግባ፣ አንተም የኛ ነህ!» እያለች። ተኳርፈው የከረሙ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ከሰርጉ በፊት ሽማግሌ አስታርቋቸው ነበር፣ ግን ገና ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እትዬ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። በመጀመሪያው ፎቶ በመሐላቸው ክፍተት ይታያል። በመጨረሻው የታላቅየው ክንድ በታናሽየው ትከሻ ላይ ነው።

የሌሉትም በዚያ ፎቶ ውስጥ ናቸው። የሙሽራው አባት በሕይወት የሉም፤ ታናሽ ወንድሙ መስታወት የተገጠመለትን ፎቷቸውን ከግድግዳ አውርዶ ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። የሙሽሪት ታላቅ እህት ዐረብ አገር ናት። የቬሎውን ኪራይና የኬኩን ገንዘብ የላከችው እሷ ነበረች፤ በኢሞ ደውላ አንዲት የአክስት ልጅ ስልኩን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፊቷ ይቆማል፣ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ስልኩን የያዘውን እጅና በስክሪኑ ላይ የምታለቅሰውን እህት አንድ ላይ አነሣኋቸው። ያ ፎቶ ለቤተሰቡ ከሙሽሮቹ ፎቶ ባልተናነሰ ይፈለጋል።

በጓዳው በኩል ያለውን ብዙ ሰው አያነሣም። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ በቅሎ ደርቆ ተፈጭቶ፣ ጥንስሱ ተጠንስሶ ጠላው እስኪደርስ ሴቶቹ ሳምንታት ደክመዋል። በሰርጉ ዋዜማ ሌሊቱን ምጣዱ አይበርድም። ከውጭው ብርድ ወደዚያ ጭስና እንፋሎት ሲገባ ሌንሱ ወዲያው ጉም ይለብሳል፤ በጨርቅ ከመጥረግ ይልቅ ሙቀቱን እስኪለምድ ጥግ ይዞ መቀመጥ ይሻላል። እነሱም እስከዚያው ይለምዱሃል። መጀመሪያ «እኛን ደግሞ ምን ያደርግልሃል፣ ጭስ ለብሰን!» ይላሉ። ቆይተው ሻሻቸውን አስተካክለው «በል እንግዲህ» ይላሉ። በበሩ የሚገባው ብርሃን ጭሱን ሰንጥቆ የሴቶቹ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ሺህ ብር መብራት የማይገኝ ውበት አለው። እነዚህ ሴቶች ሰርጉን ያቆሙት ናቸው። በአልበሙ ውስጥ ካልገቡ አልበሙ ሐሰት ነው።

ወደ ጓሳ የሚደረገውን ጉዞ መጥቀስም ግድ ነው፤ ዛሬ ዛሬ የአካባቢው ሙሽሮች ይመኙታልና። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ «ቀሮ» በሚባለው የጋራ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ የሚታጨደው በጋራ ውሳኔ ነው። ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮው ይታያል። ቦታው ያምራል፤ አልቃወምም። የምቃወመው ሙሽሮቹ ተጋባዡን ዳስ ውስጥ አስቀምጠው ለሰዓታት መጥፋታቸውን ነው። ልማዱ የተወሰደው የአዲስ አበባ ሙሽሮች ወደ ወዳጅነት ፓርክና ወደ ሆቴሎች ግቢ ከሚያደርጉት ጉዞ ነው። እዚያ እንግዳው አዳራሽ ውስጥ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን ከሩቅ ቀበሌ በእግርና በበቅሎ መጥቶ ሳይመሽ መመለስ ያለበት ዘመድ ነው የሚጠብቀው። ጓሳ ከመልስ በኋላ ባለው ቀን ይሂዱ፣ በጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሣ፤ ወንድምና እህታቸውን ይዘው።

የመርሐቤቴ ሰርግ ሌላ ብርሃን አለው። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ከመሐል ሜዳ ብዙ ዝቅ ትላለች፤ የጀማ ሸለቆ ሙቀት ይደርሳታል። እዚያ የሚያስቸግረው አቧራና ሙቀት ነው፤ በግሼዋ ራቤል ደግሞ እንደ መንዝ ብርድና ጉም። የቤተ ዘመዱ ነገር ግን በሦስቱም አገር አንድ ነው።

ወደ ፎቶው ታሪክ ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ ፎቶ ከላይ ጀምሮ ነው ወደ ታች የወረደው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ አባትና ልጆች የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ቀጥሎ የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች መጡ፤ ከዚያ የክፍለ ሀገር ከተሞች። ከገጠር የመጡ ሙሽሮች ከሰርጉ በኋላ ገበያ ሲወጡ ፎቶ ቤት ገብተው፣ በቀለም ከተቀባ መጋረጃ ፊት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሳይስቁ ይነሡ ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ታስቦበት ነው የሚነሣው። የአዲስ አበባ ቤተሰቦችን አሮጌ ፎቶዎች የሰበሰበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ አለ። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢዘጋጅ ምንኛ በወደድኩ።

በእነዚያ አሮጌ ፎቶዎች ውስጥ የሚያምም ነገርም አለ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት የማይደርስ ሙሽራ አይቻለሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 አድርጎታል። ፎቶ አንሺ ሕፃን ሙሽራ ፊት ቢቆም ሥራውን ትቶ ማስታወቅ አለበት፤ ፎቶው ለደስታ ማድመቂያ ሊሆን አይገባም።

ዛሬ በአንድ ሰርግ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይነሣል፤ በየተጋባዡ ስልክም እንዲሁ። የሚታጠበው ግን ከሃያ አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ምንም። ሌላው ስልኩ ሲሰረቅ፣ ሚሞሪ ካርዱ ሲበላሽ ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ በቴሌግራም ሊላክ የታሰበ የሰርግ ፎቶ በፍላሽ ተጭኖ በሰው እጅ ነበር አዲስ አበባ የሚደርሰው። ከዚያም የከፋ አይተናል። በሚያዝያ 2013 ከመንዝ ገደል ሥር ያለችው አጣዬ ስትቃጠል ቤቱ ብቻ አልነደደም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናትና የአባት የሰርግ ፎቶም አብሮ ነዷል። ቤት በብድርም በዕርዳታም እንደገና ይቆማል። ያ ፎቶ አንድ ቅጂ ብቻ ከነበረ አይመለስም።

መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐቤቴ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን እለምናችኋለሁ። ከሰርጉ በፊት ከፎቶ አንሺው ጋር ተቀምጣችሁ መነሣት ያለባቸውን አዛውንቶች ንገሩት። ከሰርጉ በኋላ የቤተ ዘመዱን ፎቶ፣ የምርቃቱን፣ የጓዳውን አሳጥቡ። ከጀርባው በእስክሪብቶ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። አያት በሕይወት ካሉ እሳቸው እየነገሯችሁ ጻፉ። ከዚያም አንዱን ቅጂ ለሙሽሪት እናት፣ አንዱን ለሙሽራው እናት፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ስጡ፤ ሦስቱም በአንድ ቤት አይቀመጡ።